ቀጥቃጭ፣ ቅጥቅጥ እና የሐረር ፔጆ

የሥዕል ዐውደ ርእይ ሲከፈት ሒስ ይጻፋል፤ ልቦለድ ሲታተም የውይይት መድረክ ይዘጋጃል፤ የቴአትር መጋረጃ ሲገለጥ ተመልካቹ ራሱ ሐያሲ ይሆናል። በየዕለቱ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚያየው፣ የሚዳስሰው፣ ውስጡም ገብቶ የሚቀመጥበት አንድ የቅርጽ ሥራ ግን ይህ ዕድል እምብዛም አይገጥመውም። እርሱም በመዶሻ ተመትቶ፣ በእሳት ተለብልቦ፣ ተበይዶና ተሞርዶ ዳግም የተወለደው የአሮጌ መኪና ገላ ነው። ሠሪው ባትላሜራ ይባላል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ላሜራ መቺ» ማለት ነው፤ ባትራሜራ የሚሉትም አሉ። ስሙ የባዕድ ይሁን እንጂ እጁ የአገር ልጅ እጅ ነው፤ የሥራው ውጤትም እንደማንኛውም የቅርጽ ሥራ ሊመዘን፣ ሊመሰገንና ሊነቀፍ ይገባዋል።

ለዚህ ምዘና ከሐረር የተሻለ ማሳያ ከጅቡቲ ሳይርቁ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የጀጎል ግንብ ለጎብኚው የሚታወቀው በበሮቹ፣ በጠባብ መተላለፊያዎቹና በጅቦቹ ነው። ከእነዚህ ጋር ግን ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ ሳያነሣው የማያልፈው ሌላ ነገር አለ፤ ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ፔጆ 404። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ቀርቦ ባለ አራት በሩ ቤት መኪና በ1975 መመረቱ የቆመው ይህ መኪና፣ ሐረር ላይ በታክሲነት ከተወለደበት አገር ዕድሜው በእጅጉ የረዘመ ኑሮ ኖሯል። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ገላ ግን ሳይነካ አይኖርም። ዛሬ በሐረር የሚታይ አንድ ፔጆ የፋብሪካው ሥራ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ በላዩ ላይ ስንት ባትላሜራ እንደ ተፈራረቀበት የሚያውቀው ላሜራው ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ንድፍ ያወጣው ዝነኛው የጣሊያን የንድፍ ቤት ፒኒንፋሪና ነበር። ያ ቤት በዚያው ዘመን ለእንግሊዙ ኦስቲን ኬምብሪጅና ለጣሊያኑ ፊያት 2100 ተቀራራቢ መልክ በመስጠቱ ሦስቱ መኪኖች እንደ ወንድማማቾች ይመሳሰላሉ፤ በጊዜውም «አንዱን ልብስ ለሦስት ደንበኛ ሸጠ» የሚያሰኝ ነበር። ሆኖም ከሦስቱ ዕድሜ የበላው ፔጆው ነው። ምክንያቱ መልኩ ሳይሆን ጥንካሬው ነበር። የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 ያሸነፈው ይኸው 404 ነው። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ጭቃና አቧራ ውስጥ የተፈተነ መኪና ለሐረርጌ አቀበት አያንስም።

መኪናው ሐረር ላይ ሲኖር ጅቡቲ ላይ ለምን አልኖረም? መልሱ በከፊል የአየር ጠባይ ነው። ጅቡቲ ብረት ይበላል። ከባሕሩ የሚነሣው ጨው ያዘለ እርጥበት በላሜራው ስንጥቅና መጋጠሚያ ውስጥ ይገባና ቀለሙ ያልደረሰበትን ቦታ ፈልጎ ከውስጥ ወደ ውጭ ይቦረቡራል። ከላይ ያማረ በር ከታች በኩል እንደ ወንፊት ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሐረር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ከባሕር ጨው የራቀች ከተማ ናት። ዝገት እዚያም አለ፤ ግን ይታገሣል፤ ባትላሜራው እስኪደርስ ይጠብቃል። እናም የባሕሩ በር መኪናውን ያስገባል፣ ደጋው ያኖረዋል። የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1897 ሥራው ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ወደ ሐረርጌ ለሚወጣ የፈረንሳይ ሸቀጥ ቅርቡ በር ይህ ወደብ ነበር። የብረት ሙያም ከሸቀጡ ጋር ተጉዟል። የድሬዳዋው የባቡር ወርክሾፕ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ብረት የሚቀለጥበት፣ የሚቀረጽበትና በቶርኖ የሚስተካከልበት ታላቅ የሥራ ቤት ሆኖ ቆይቷል።

ወደ ቅርጹ እንመለስና፣ የ404 ገላ አስቸጋሪነቱ ምኑ ላይ ነው? ላሜራ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲታጠፍ ገር ነው፤ በጉልበት ላይ አስደግፎም ማጉበጥ ይቻላል። ወደ ሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ እንዲጎብጥ፣ ማለትም እንደ ቅል ወገብ ወይም እንደ እንቁላል ቅርፊት እንዲሆን ሲፈለግ ግን ብረቱ መለጠጥ ወይም መኮማተር አለበት። የ404 ኮፈንና የፊት ክንፎቹ እንዲህ ያለ ድርብ ጉብጠት አላቸው። ከዚያም ከፊት መብራቱ በላይ ተነሥቶ በበሮቹ ትከሻ በኩል እየሾለ እስከ ኋለኛው ክንፍ ጫፍ የሚዘልቅ አንድ መስመር አለ። መኪናው ቆሞ ሳለ የሚሄድ የሚያስመስለው እርሱ ነው። ግጭት የደረሰበትን 404 ለመመዘን የሚፈልግ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን መስመር በዓይኑ ይከተል። መስመሩ ከፊት እስከ ኋላ ሳይቆረጥ ከሄደ ባትላሜራው ዐዋቂ ነው፤ በሩ ላይ ሲደርስ ከወደቀ ወይም ከተንገዳገደ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያበራ ሥራው አልተሳካም።

ይህን መስመር የሚመልሰው ጉልበት አይደለም። መዶሻው ከላይ፣ መደገፊያው ብረት ከስር ሆነው ላሜራው በመካከላቸው በቀጥታ ሲመታ ይሳሳል፣ ይሰፋልም። መደገፊያው ከጎድጓዳው ስር ሆኖ መዶሻው በዙሪያው ያበጠውን ሲመታ ግን ሳይሰፋ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጀማሪው ሁለቱን አይለይም፤ ያበጠውን ሁሉ በኃይል ይመታል፤ በመታው ቁጥር ላሜራው እየሰፋ ይሄድና መጨረሻ ላይ እንደ ቆርቆሮ ክዳን በእጅ ሲጫኑት «ጧ» ብሎ የሚገባ፣ ሲለቁት «ጧ» ብሎ የሚወጣ ቦታ ይፈጠራል። ዐዋቂው እንዲህ ያለውን ቦታ በእሳት ያክመዋል። የሳንቲም ስፋት ያላትን ነጥብ እስክትቀላ ድረስ ያግላል፤ በዙሪያዋ በቀስታ ይመታል፤ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ ያቀዘቅዛታል። የጋለው ብረት ለመስፋት ሲሞክር በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ስለሚገታው ወደ ራሱ ይወፍራል፤ ሲቀዘቅዝም ከመጀመሪያው አጥሮ ላሜራውን ይወጥረዋል። ይህ በየጋራዡ በአደባባይ የሚፈጸም ድርጊት የብረትን ጠባይ ሙሉ በሙሉ መረዳትን ይጠይቃል። አብዛኛው ባትላሜራ ግን በቃል ከማስረዳት ይልቅ በጆሮው ያውቀዋል፤ የተወጠረና የላላ ላሜራ ድምፃቸው የተለያየ ነውና።

እዚህ ላይ ከባሕር ማዶ አንድ ንጽጽር ማምጣት ይጠቅማል። በአሜሪካ አሮጌ መኪና ቤት ውስጥ መልሶ የሚሠራ ሰፊ ማኅበረሰብ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ በካሊፎርኒያ የጀመረው የ«ሆት ሮድ» ባህል የ1932 ፎርድንና መሰሎቹን እየቀነሰ፣ እያቀለለ፣ እያፈጠነ የራሱን ውበት ፈጠረ። ዘመኑ ሲገፋ እነዚህ መኪኖች እጅግ ውድ፣ እጅግ አብረቅራቂ፣ ዝናብ የማይነካቸው የኤግዚቢሽን ዕቃ ሆኑ። ይህን የተቃወሙት ወገኖች «ራት ሮድ»፣ በቀጥታ ሲፈታ «የአይጥ ሮድ» የሚባለውን አመጡ። ከወዳደቀ ዕቃ የተገጣጠመ፣ ብየዳው የሚታይ፣ ዝገቱ ያልተሸፈነ መኪና ነው። ዋና ሥራውም ቅርጽ መለወጥ ነው። ጣሪያውን የያዙት ምሰሶዎች ተቆርጠው ጣሪያው ዝቅ ይላል። ምሰሶዎቹ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ስለሆኑ ከተቆረጡ በኋላ የላይኛውና የታችኛው ጫፍ አይገጥሙም፤ ስለዚህ ጣሪያው ራሱ ተከፍሎ መካከሉ ላይ ላሜራ ሊጨመርለት ግድ ይሆናል። ገላው በሻንሲው ላይ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥም ወለሉ ይቀደዳል።

ሙያው በሙያነቱ የሚደነቅ ነው። ሐሳቡ ግን ጥያቄ ያስነሣል። ሐብት ያለው ሰው ዝገትን እንደ ጌጥ ሲመርጥ፣ ያም ዝገት እንዳይጠፋበት በላዩ ላይ ብርሃን አልባ ቫርኒሽ ሲረጭበት፣ ድህነት ልብስ ሆኖ ይለበሳል። የሐረሩ ባለ ታክሲ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ዝገቱን ይደብቃል፣ ስቱኮ ይለጥፋል፣ በየዓመት በዓሉ ቀለም ያድሳል። አንደኛው አሮጌ ለመምሰል ይደክማል፤ ሁለተኛው አዲስ ለመምሰል። ሁለቱም ላሜራው እውነቱን እንዳይናገር አፉን ይዘውታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁንና የሐረሩ ምክንያት አለው። ተሳፋሪ ዝገት ያየበትን ታክሲ ይሸሻል፤ ስቱኮው የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ምክንያት መኖሩ ግን ከሒስ አያድንም። በአሜሪካው አሮጌ ፎርድና በፔጆ 404 መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ይህም ልዩነት የሰው ሕይወት የሚነካ ነው። አሮጌው ፎርድ ራሱን የቻለ ሻንሲ አለው፤ ገላው ከላይ የሚለበስ ልብስ ነው። ልብሱን ቢቆርጡት፣ ቢያሳጥሩት፣ አጥንቱ ከስር አለ። 404 ቤት መኪናው ግን ሻንሲ የለውም። ወለሉ፣ ከበሮቹ በታች ያለው ደፍ፣ ምሰሶዎቹና ጣሪያው አንድ ላይ ተበይደው ራሳቸው አጥንት ሆነዋል። ስለዚህ ደፉ የተበላ 404 ላይ ቀጭን ላሜራ ለጥፎ፣ በስቱኮ አስተካክሎ፣ ቀለም መቀባት የተሰበረ እግርን በካልሲ እንደ መሸፈን ነው። በጥንቃቄ የሚሠራው ባትላሜራ የተበላውን እስከ ጤናማው ብረት ድረስ ቆርጦ ያወጣል፤ በዚያው ውፍረት ያለው ላሜራ ይተካል፤ ብረቱ እንዳይጣመም ነጥብ በነጥብ እየዘለለ ይበይዳል። ይህ ሥራ ቀለም ከተቀባ በኋላ ከውጭ አይታይም። ገንዘቡም ጊዜውም የሚያልቀው በማይታየው ላይ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ የሚከፍለው ለሚታየው ነው። የዕደ ጥበቡ ትልቁ ፈተና ከዚህ ይነሣል። ጥፋቱን በባትላሜራው ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ማግኔት ይዞ የመኪናውን ደፍ የሚፈትሽ ገዢ ስንት ነው? (ማግኔት ላሜራ ላይ ይጣበቃል፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ ግን አይዝም። ይህን ያህል ቀላል ነው።)

ከቤት መኪናው ወደ አውቶቡሱ ሲታለፍ ቅርጹም ቋንቋውም ይለወጣል። በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ለተሽከርካሪ ስም ማውጣት ራሱን የቻለ የሕዝብ ሥነ ቃል ነው። ሚኒባሱ «ዶልፊን» እና «አባዱላ» ተብሏል፤ በአደጋው ብዛት የተፈራው የአይሱዙ ጭነት መኪና «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራኩ «ቀይ ሽብር» ተሰኝቷል። ከእነዚህ ሁሉ ግን ለዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው «ቅጥቅጥ» ነው። ቅጥቅጥ በአይሱዙ ጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ የተሠራ መለስተኛ አውቶቡስ ነው። አራት ማዕዘን ቱቦ ተበይዶ አጥንት ይቆምለታል፤ በላዩ ላሜራ ይለብሳል፤ መስታወትና ወንበር ይገጠምለታል። ስሙ የሌሎቹ ዓይነት ቀልድ ወይም ፍርሃት የለበትም፤ አሠራሩን ብቻ ይናገራል። የተቀጠቀጠ ነውና ቅጥቅጥ ተባለ።

እንደ ቅርጽ ሥራ ሲታይ ቅጥቅጥ ሐቀኛ ግን ሰነፍ ነው። ሐቀኛ ነው፣ ምክንያቱም ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ ብየዳው ብዙ ጊዜ በዓይን የሚታይ በመሆኑ ያልሆነውን አይመስልም። ሰነፍ ነው፣ ምክንያቱም ድርብ ጉብጠትን ይሸሻል። ባትላሜራው በ404 ኮፈን ላይ ያሳየው ጥበብ እዚህ ሥራ ፈት ሆኗል፤ ሊያሳይ የሚችለው የፊት ግንባሩ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ብዙውን ጊዜ የውጭውን አውቶቡስ መኮረጅ ይመረጣል። የፊሊፒንስ ሕዝብ ከጦርነቱ በኋላ ከአሜሪካ ጦር የተረፉትን ጂፖች አርዝሞ «ጂፕኒ» ሲያደርጋቸው ለገላው የራሱን መልክ ሰጥቶታል፤ የኬንያው ማታቱም እንዲሁ በሥዕልና በቀለም ራሱን አስከብሯል። ቅጥቅጥ ለራሱ መልክ ገና አላገኘም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጣሪያው ላይ የሚጫነው ዕቃ ጉዳይ አለ። በስሌት ሳይሆን በልምድ የተበየደ የቱቦ አጥንት፣ መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያውን መሸከሙ ያልተፈተነ ነገር ነው፤ ጣሪያው ላይ ከባድ ጭነት መከመር ደግሞ የመኪናውን ሚዛን ወደ ላይ አውጥቶ መገልበጡን ያቀርበዋል። ውበትና ደኅንነት እዚህ ላይ አይለያዩም፤ ሁለቱም የሚጠይቁት አጥንቱ በትክክል እንዲታሰብ ነው።

«ቅጥቅጥ» የሚለው ቃል ሌላም የሚያስታውሰው ነገር አለ። በኢትዮጵያ «ቀጥቃጭ» ለረጅም ዘመን ስድብ ነበር። ብረት ሠሪው ማረሻ፣ ጦርና መጥረቢያ ሠርቶ ሲያበቃ «ቡዳ» ተብሎ ከማዕድ ይገለል ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክለውን የታወቀ አዋጅ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ «ሲድሊ» የተባለችውን መኪና አዲስ አበባ አድርሷል። መኪናውና አዋጁ በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው በእርግጥ ያጋጣሚ ነገር ነው፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል። መኪናው ያለ ቀጥቃጭ ሊኖር አልቻለም። ስድብ የነበረው ሥር ቃል ዛሬ ተሳፋሪ ያለ እፍረት የሚጠራው የአውቶቡስ ስም ሆነ፤ «በቅጥቅጥ ነው የመጣሁት» ይላል። ቃሉ ከበረ፤ ሠሪው ግን ስም የለሽ ሆኖ ቀረ።

ይህን ስም የለሽነት ግልጥ የሚያደርገው ከሥነ ጥበቡ ዓለም የሚገኝ አንድ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ የተወለደው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚሰበስባቸውን የተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች፣ ሽቦዎችና የኮምፒውተር ሰሌዳዎች በትዕግሥት እየገጣጠመ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያተረፉ ግዙፍ ሥራዎችን ሠርቷል፤ ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው ዞማ ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ተከፍቷል። የኤልያስ ሥራ የሚገባውን ክብር ማግኘቱ የሚያስደስት ነው። ሆኖም የእርሱ ጥሬ ዕቃ በሚገኝበት በዚያው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ፣ በርሜል ተተርትሮና ተስተካክሎ ምጣድ፣ ማንደጃ፣ ሣጥን ይሆናል። እዚያ የሚቀጠቅጠው ሰው እና ሠዓሊው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ የተጣለው ነገር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የሠዓሊው መልስ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ፊርማ አለው። የሌላው መልስ ምድጃ ላይ ይጣዳል። በመካከላቸው ያለው ርቀት የሥራ ጥራት ብቻ አይደለም፤ የተመልካችም ጉዳይ ነው። የሚያይ ዓይን ያላገኘ ቅርጽ፣ መጥፎውም ጥሩውም በአንድ ላይ «ጋራዥ» ተብሎ ይታለፋል፤ ጥሩው ካልተለየ ደግሞ ለመጥፎው የሚከፈለው ዋጋና ለጥሩው የሚከፈለው እኩል ይሆናል።

ጀጎል ውስጥ ከታወቁት መንገዶች አንዱ «መኪና ግርግር» ይባላል። የእንግዳ ጆሮ የተሽከርካሪ ጫጫታ ይመስለዋል፤ ስሙ የወጣው ግን በግራና በቀኝ ተደርድረው ከሚሰፉት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። የልብስ ሰፊውና የባትላሜራው ሙያ የሚቀራረበው በዚህ የስም መጋራት ብቻ አይደለም። ሁለቱም ልኬት ይወስዳሉ፤ ሁለቱም ከጠፍጣፋ ነገር ገላ ያበጃሉ። ልዩነቱ ልብስ ሰፊው ደንበኛው ፊቱ ቆሞ ይለካዋል፤ ባትላሜራው ግን የሚለካው የሌለውን ነው። የግራ ክንፉ የጠፋበት 404 ሲመጣለት የተለመደው ዘዴ ከቀኙ ክንፍ ላይ በካርቶን ልክ መውሰድና ገልብጦ መጠቀም ነው። የቀኙ ክንፍ ራሱ ከዓመታት በፊት በሌላ እጅ የተጠገነ ከሆነ፣ የዚያ እጅ ስሕተትም ጸጋም በመስታወት እንደሚታይ ምስል ወደ ግራ ይሻገራል። በዚህ አኳኋን ፒኒንፋሪና ያላሰበው ቅርጽ በትውልድ ቅብብሎሽ ተፈጥሯል። የክንፉ ጫፍ ትንሽ ይወፍራል፤ የትከሻው መስመር ትንሽ ይለሰልሳል፤ የፊት መብራቱ ዙሪያ ከፋብሪካው ይልቅ ይጠልቃል። እነዚህን እንደ ጉድለት ብቻ መቁጠር የችኩል ፍርድ ነው። ከዘፈን ወደ ዘፈን የሚወራረስ ዜማ እንደሚለወጥ ሁሉ ይህም የወረሳ ለውጥ ነው፤ አንዳንዱ ከዋናው የከፋ፣ አንዳንዱም ከዋናው የለሰለሰና ለዓይን የቀረበ ነው።

ይህ ቅብብሎሽ እስከ መቼ ይዘልቃል የሚለው ግን ከቅርጹ ውጭ ባሉ ነገሮች የሚወሰን ሆኗል። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ከ404 ቤንዚን ቆጣቢ፣ ለጠባብ መንገድም ምቹ በመሆኑ የታክሲውን ሥራ በብዛት ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2024 ደግሞ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። እነዚህ እርምጃዎች በአንድ በኩል ያለውን አሮጌ መኪና እንዲጠገን ስለሚያስገድዱ ለባትላሜራው ሥራ ይጨምራሉ። በሌላ በኩል የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ገላቸው በብዛት ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየምና ጠንካራ ቀጭን ብረት የተቀላቀለበት ነው። አሉሚኒየም ሲግል እንደ ብረት አይቀላም፤ መልኩ ሳይለወጥ በድንገት ይቀልጣል፤ ያ የሳንቲም ስፋት ያለው የእሳት ሕክምና እዚያ አይሠራም። ፕላስቲኩ ደግሞ ሲሰበር ይለወጣል እንጂ አይቀጠቀጥም። ጆሮውን በ404 ላሜራ ላይ ያሠለጠነ ሰው በእነዚህ ላይ መዶሻውን ሲያነሣ የሚሰማው ድምፅ ሌላ ነው።

ከጅቡቲ ወጣ ብሎ ፒ.ኬ. 12 ላይ ተሰልፈው ከሚታዩት የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች መካከል የተመቱ ጋቢናዎች፣ የተቀጠሉ ስፖንዳዎች፣ በሁለት ቀለም የሚለያዩ በሮች አይጠፉም። ጨዋማው አየር ሥራውን እየሠራ ነው፤ ስቱኮው ከስር ያለውን ብረት ሲለቅ መጀመሪያ የሚታየው በቀለሙ ላይ የምትወጣ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ እባጭ ናት። ባትላሜራው ደጋ ላይ የሠራው ሥራ ሐቀኛ መሆኑና አለመሆኑ የሚለየው ብዙውን ጊዜ እዚህ፣ ባሕሩ አጠገብ ነው።